ከኪፍ ማሳ የመጣች ምስክር

ራባት፣ ጃንዋሪ 17

ለእትዬ ዙለይኻ፣

አሰላሙ አለይኩም። አንቺም፣ ጋሼ ቡዝያንም፣ ሱፍያንም ደኅና ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፣ ሥራው ፋታ ነሥቶኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ የእናንተን ቤት ስልክ ማን እንደሚሰማው አላህ ይወቅ። ሐሙ ታክሲውን ይዞ እስከተመላለሰ ድረስ በወረቀት ይሻለናል።

«ሬዲዮው ስለ እኛ ምን እያወራ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኪፋችን፣ እነሱ ካናቢስ የሚሉት፣ ለመድኃኒት ብቻ እንዲመረት ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ አሁን ደግሞ አዋቂ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ቢያጨሰው ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል ክርክር ተነሥቷል። የምክር ቤቱ አጥኚ ቡድን ሰው እየጠራ ይሰማል። የሚጠሩትን የማስጠራው፣ የተባለውን የምጽፈው፣ መጨረሻ ላይም ሪፖርቱን የማረቅቀው እኔ ነኝ። እስካሁን ሐኪም ተሰማ፣ ጠበቃ ተሰማ፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ተሰማ፤ ሆላንድ ውስጥ የኪፍ ሱቅ ያለው ሰው ሳይቀር ተሰማ። አንዱ «ዕድሜ ይወሰንለት፣ ጥንካሬው ይለካ፣ ግብር ይከፈልበትና ይሸጥ» ይላል። ሌላው «መርዝ ተለክቶ ስለተሸጠ መርዝነቱ ይቀራል?» ይላል። ትናንት ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን ሁሉ ሰው ስንሰማ፣ ዘርቶት የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል?» አሉ። እኔ አቀርቅሬ ጻፍኩ።

እዚህ ሁሉም የሚያውቀኝ የሸፍሻወን ከተማ ልጅ ነኝ ብዬ ነው። የእህቴ ባል ኪፍ በመዝራታቸው የእስር ማዘዣ ወጥቶባቸው ተራራ ላይ እንደሚኖሩ የሚያውቅ የለም። ይህን የምነግርሽ እንድትጠነቀቂ ነው፣ ሌላ ሐሳብ እንዲመጣብሽ አይደለም።

እኔን ከጠየቅሽኝ አይፈቀድ ባይ ነኝ። ከመኖሪያዬ ሥር የሚውሉትን ጎረምሶች ብታዪያቸው አንቺም አትፈቅጂም ነበር። ልጅሽ ሱፍያን ለምን ጠፋብኝ? ከመስከረም ወዲህ አንድም መልእክት አልላከልኝም። ሲያፌዝብኝ መዋሉን ለምጄው ነበር።

ወንድምሽ ታውፊቅ

~

ታመዲት፣ ፌብሯሪ 2

ለታውፊቅ፣

ወአለይኩም ሰላም ወንድምዓለም። መንገዱን በረዶ ዘግቶት ስለነበር ነው መልሱ የዘገየው። ጣቴ ደርቆ ፊደሌ ቢጠም ታገሠኝ፤ አምስተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ነው ያስተማሩኝ።

ቡዝያን አሁንም ላይኛው ጎጆ ነው። ሳሩንና እንጨቱን እያየ ይውላል፤ እኔ በሳምንት ሁለቴ ዳቦና የወይራ ዘይት አወጣለታለሁ። ጥርሱን ያመዋል፤ ሐኪም ጋ መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያው ደግሞ ካለፈበት ስንት ዘመኑ። ማደስ ማለት ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እነሆኝ ማለት ነው። ስለዚህ በቅርንፉድ ያስታግሰዋል።

ሱፍያን ትንሽ አሞታል። ብርዱ ነው።

የመድኃኒቱ ሕግ ለእኛ የደረሰ ይመስላችኋል? የመንግሥት ሰዎች እዚህም መጥተው ነበር፣ ጫማቸውን ጭቃ ላይ እየመረጡ። «ፈቃድ እንሰጣችኋለን፤ ግን የእናንተን ዘር አንፈልግም፣ የውጭውን ዝሩ» አሉን። የውጭው ዘር በጋውን ሙሉ ውኃ ይጠጣል። የእኛ የአባቶቻችን ኪፍ የክረምት ዝናብ ከጠጣ ይበቃዋል። ከላይ ያሉት ሀብታሞች ሞተር አስገብተው ምንጩን ጠጡት፤ እኛ ከታች ያለነው ደግሞ ፈቃዱም ውኃውም አልደረሰንም። አሁን የሚያጨሰው ሰው በሕግ ሊገዛ ነው፤ እኛ የምንዘራውስ በሕግ እንሸጣለን? ወይስ ፈረንጅ ይዘራና እኛን ማሳደዱ ይቀጥላል? ይህን የጠየቀልን ሰው አለ?

ሊቀመንበርህ ወንበሩ ባዶ ነው ካሉ እኔ እቀመጥበታለሁ። አልቀልድም።

ዙለይኻ

~

ራባት፣ ፌብሯሪ 12

እትዬ፣

አይሆንም። ከመጣሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስምሽን ነው፣ ቀጥሎ የባልሽን። አዳራሹ ውስጥ ጋዜጠኛ አለ፣ በር ላይ ፖሊስ አለ። አንቺ ሐሳብሽን ተናግረሽ ሳትጨርሺ የገጠር ፖሊሶቹ፣ ጀንደርሞቹ፣ ላይኛው ጎጆ ደርሰው ይጠብቁሻል። የእኔን እንጀራ ተዪው፤ እሱ የመጨረሻው ነገር ነው። ጋሼ ቡዝያን ይህን ሁሉ ዓመት የተደበቁት እኛ በገዛ እጃችን እንድናወጣቸው ነው?

ደግሞ ስለምትዪው ሐሳብ ልንገርሽ። በዘሪው ላይ የሚደርሰውን በደል አውቃለሁ፤ አብሬሽ ነው ያደግኩት። ግን ሐኪሙ ያለውን ሰምቼ መርሳት አልቻልኩም። የዱሮው ሽማግሌ በረጅም ፒፓው ከሚያጨሰው ጋር አሁን የሚሸጠው ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው ብሏል። ወጣት ጭንቅላት ላይ የሚያደርሰውን በፎቶ አሳየን። ይህን እያወቅሁ «ይፈቀድ» ብዬ ማርቀቅ እጄ እሺ አይለኝም።

አሁን ወደ ዋናው። ሐሙን ስለ ሱፍያን ስጠይቀው ፊቱን አዙሮ ጎማውን መፈተሽ ጀመረ። «እህትህን ጠይቃት» ነው ያለኝ። እየጠየቅሁሽ ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት የማይለቅ ብርድ ምን ዓይነት ብርድ ነው? እትዬ፣ ምን ደብቀሽኛል?

ታውፊቅ

~

ታመዲት፣ ፌብሯሪ 24

ታውፊቅ ወንድሜ፣

ተቀምጠህ አንብበው።

ሱፍያን ብርድ አይደለም የያዘው። ከጢሙ በፊት ነው ማጨስ የጀመረው፤ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር፣ በኋላ ብቻውን፣ ከዚያ ጠዋት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ። የእኛን ኪፍ አይደለም። በሞተር የሚያጠጡት ሀብታሞች ከውጭ ዘር የሚያወጡትን፣ ያንን ጠንካራውን ሐሺሽ። ዝም አልኩ። እዚህ ልጁ የማያጨስ ማን አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መስከረም ላይ እንቅልፍ እምቢ አለው። ሬዲዮው ስሜን ይጠራል ማለት ጀመረ። «እማ፣ ስሚ፣ አሁን ጠሩኝ» ሲለኝ የዜና አንባቢዋ ስለ ስንዴ ዋጋ እያወራች ነው። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከዚያ ከግድግዳው መስማት ጀመረ። እኔ ያበሰልኩትን የባቄላ ሾርባ መርዝ አለበት ብሎ ደፋው። የቁርኣን ሰው አመጣሁ፣ ቀራለት፤ ለአንድ ቀን ተኛና ባሰበት። ላንተ «ብርድ ነው» ያልኩህ ቃሉን ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ከወጣ ከትንሽ ቀን በኋላ ማጭድ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ማንም አልቀረበም። እኔ ሥር ቆሜ ስለምነው «አንቺ እናቴ አይደለሽም፣ ፊቷን ለብሰሽ ነው» አለኝ።

ቡዝያን ጩኸቱን ከላይ ሰምቶ ወረደ። በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በመንደሩ መሀል። መሰላሉን ወጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ብዙ ቆዩ። ማጭዱን አባቱ ይዞት ወረዱ። ከዚያ መቀነቴን ፈትቼ እጁን አሰርንለት። ታውፊቅ፣ የልጄን እጅ በመቀነቴ አሰርኩ።

«ሐሙ ይውሰደው፣ እኔ አብሬ እሄዳለሁ» አልኩት ቡዝያንን።

«በመንገድ ቢነሣበት ትይዥዋለሽ?»

«ኬላው አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ሆስፒታሉ በር ላይ ፖሊስ አለ።»

«ዙለይኻ፣ ልጁ ታሟል» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ።

ኬላው ላይ አልቆሙም፤ ሐሙ ሰዎቹን ያውቃቸዋል። ሆስፒታሉ ደረሱ። ልጁን ለማስተኛት አባት መፈረም አለበት፣ መታወቂያም ማሳየት አለበት ተባለ። ያለፈበትን መታወቂያ ሰጣቸውና ፈረመ። ሐሙ እንደነገረኝ ሱፍያንን ነጭ የለበሱት ይዘውት እስኪገቡ ድረስ ፖሊሶቹን «አንዴ ታገሡኝ» ብሏቸው ታገሡት። በሩ ሲዘጋ እጁን ዘረጋላቸው።

ከእንግዲህ የምትደብቅልኝ ባል የለኝም። ስለዚህ እመጣለሁ። ቀኑን ንገረኝ።

ዙለይኻ

~

ራባት፣ ማርች 4

እትዬ፣

ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ባለፈው የጻፍኩትን መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሆስፒታሉ ሄጄ ሱፍያንን አየሁት። መድኃኒቱ አደንዝዞታል፤ ምላሱ ይከብደዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግን አወቀኝ። «አጎቴ፣ ሆድህ ወጥቷል» አለኝ። ከዚያ «አባዬ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተራራው ላይ ነው» አልኩት። ሐኪሟ አሁን እንዳይነገረው ብላለች። አንቺም ስትሄጂ እንዲህ በዪው። ጠበቃ ይዣለሁ፤ ማዘዣው ማንነቱ ባልታወቀ ሰው ጥቆማ የወጣ ስለሆነ ተስፋ አለ ይላል፤ ፊቱ ግን ተስፋ የለውም።

ሊቀመንበሩን አነጋገርኳቸው። ስምሽ ሳይጠራ «ከኪፍ ማሳ የመጣች ሴት» ተብለሽ እንድትሰሚ ተስማምተዋል። ማርች 15 ነው። የአውቶቡስ ትኬት በሐሙ ልኬያለሁ። አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አዳራሹ ውስጥ አትዪኝ፣ ሰላም አትበዪኝ። ዘመዴ መሆንሽ ከታወቀ ቃልሽን በሙሉ «ጸሐፊው ያዘጋጀው ነው» ይሉታል፤ ቡድኑ ውስጥ ይህን የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሌላው ደግሞ ጥያቄ ነው። ሱፍያንን እንዲህ ካየሽ በኋላ አሁንም ይፈቀድ ልትዪ ነው የምትመጪው? እኔ ያንን ልጅ ካየሁ ወዲህ እንኳን መፍቀድ፣ ማሳውን ሁሉ በገዛ እጄ ባቃጥለው ነው የተመኘሁት። እባክሽ አስረጂኝ።

ታውፊቅ

~

ታመዲት፣ ማርች 9

ታውፊቅ፣

ትኬቱ ደርሶኛል። እሺ፣ አላይህም። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ እንደ ባዳ አልፈዋለሁ። ግድግዳ አያለሁ።

ማሳውን ማቃጠል ትችላለህ። ከእሳቱ በኋላ የምንበላውን አብረህ አምጣልን እንጂ።

ጥያቄህን ግን እዚህ አልመልስልህም። አንድ ሰው ጆሮ ላይ ተናግሬ ልጨርሰው አልፈልግም። እዚያው እንደ ሌላው ሰው ትሰማዋለህ።

ዙለይኻ

~

ራባት፣ ማርች 21

እትዬ ዙለይኻ፣

እንኳን በሰላም ገባሽ። ሐሙ አጭሯን መልእክትሽን ሰጠኝ፦ «አባረሩህ ወይ?» ብቻ ነው የሚለው። በጎን በር ወጥተሽ የቀኑን አውቶቡስ ስለያዝሽ የሆነውን በሙሉ አላየሽም። ፈልጌሽ ጣቢያው ድረስ ሮጬ ነበር፤ አልደረስኩብሽም።

የተናገርሽውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ያንን ፎቶ ያሳየንን ሐኪም «ዶክተር፣ አንተ የልጄን በሽታ ስም ታውቃለህ። እኔ ስንት ጊዜ አንተ ዘንድ ልወስደው ተነሥቼ እንደተቀመጥኩ ግን አታውቅም። ብወስደው ከየት አገኘው ትለኛለህ። ከቤቴ ጀርባ ልበልህ?» ስትዪው እስክሪብቶውን ማሽከርከሩን አቆመ። ቀጥለሽ ይፈቀድ ወዳለው ጠበቃ ዞርሽ። እሱ አንቺን ከጎኑ አድርጎ ቆጥሮ ፈገግ ብሎ ነበር። «አንተም፣ ሣር ነው ምን ያደርጋል ትላለህ። ልጄ ፊትሽን አላውቅም ሲለኝ ከጣሪያው ሥር ብትቆም እንዲህ አታቀልለውም ነበር» አልሽው። የእሱም ፈገግታ ጠፋ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው?» ሲሉሽ የመለስሽውን አሁንም እሰማዋለሁ። «ልጄ ሲታመም ኪፍ ክልክል ነበር። ክልክል ሆኖ ነው አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያገኘው። የሚሸጥለት ሰው ዕድሜውን አልጠየቀውም፣ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነም አልነገረው። የሚጠየቅ ሰው የለማ። የእኔ ባል ብቻ ነው የሚጠየቀው፣ እሱ ደግሞ ዘሪ እንጂ ሻጭ አይደለም። ሰው የሚጠየቅበት ይሁን። ለልጅ የሸጠ ይታሰር። ዘርቶ የሸጠ በቀን ይሂድ። የታመመ ሳይፈራ ሐኪም ጋ ይምጣ። ይህን መፍቀድ የምትሉት ከሆነ ፍቀዱ፤ መከልከል የምትሉት ከሆነም እንደዚህ አድርጋችሁ ከልክሉ።»

ከዚያ ያ የፈራሁት አባል ተነሣ። «ሴትዮ፣ ይህን ማን አስጠናሽ? የትኛው ነጋዴ ነው ትኬት ቆርጦ የላከሽ?» አለሽ። አንቺ ቃልሽን ጠብቀሽ ግድግዳውን አየሽ። ደገመልሽ፤ «ይኸው፣ መልስ የላትም» አለ፣ ሰዉም አጉረመረመ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ተነሣሁ። «እህቴ ናት። ትኬቱን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። ያስጠናኋት ነገር የለም፤ እኔ እንዲያውም አይፈቀድ ባይ ነኝ» አልኩ። እስከዚህ አንቺም ሰምተሻል።

አንቺ ከወጣሽ በኋላ ሊቀመንበሩ «ይህም ይጻፍ» አሉ። የሚጽፈው ግን እኔ ስለነበርኩ ማንም አልጻፈውም።

አላባረሩኝም። ከቡድኑ አውጥተው ምድር ቤት የድሮ ወረቀት መጋዘን አስገቡኝ። ሪፖርቱን ሌላ ሰው ያረቅቀዋል። ባልደረቦቼ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝ ስልካቸውን ያያሉ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ መጥታ «እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ፣ እስካሁን የፌዝ ከተማ ልጅ ነኝ እያልኩ ነው» ብላኝ ሄደች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሙሉ በሙሉ አላሳመንሽኝም። ሱቅ ተከፍቶ ሲሸጥ ማየት አሁንም ያስፈራኛል። ግን «ክልክል ሆኖ ነው ያገኘው» ላልሽው መልስ ፈልጌ አጣሁ። እየፈለግሁ ነው።

ረመዳን ሊገባ ነው። አላህ ያድርሰን።

ታውፊቅ

~

ታመዲት፣ ሜይ 6

ለወንድሜ ለታውፊቅ፣

ዒድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም። የላክኸው ጫማ ለሱፍያን ልክ ሆኖለታል። የሪፖርቱን ነገር ከሬዲዮው ሰማሁ፤ «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» አሉ። የእኔ ነገር ይግባበት አይግባበት አልተናገሩም። አልጠበቅሁም፣ ግን ሳልናደድ ቀረሁ ማለት አይደለም። ሳሕኑን እጥበቱ ላይ ሰበርኩት።

በሐሙ በኩል ዘራሽ ወይ ብለሃል። ዘንድሮ ገብስና ምስር ነው የዘራሁት። ልጁ ከሆስፒታል ሲመጣ ያንን የኪፍ ሽታ በር ላይ እንዲያገኘው አልፈለግሁም። ገብሱ አያዘልቀንም። የሚመጣውን ዓመት አትጠይቀኝ።

ቡዝያን ላይ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ጠበቃው ይግባኝ እንበል ብሏል፤ ቡዝያን ራሱ ግን ወኅኒ ቤቱ ጥርሱን ነቅሎለት እፎይ ብሏል። እንቅልፍ እንደሱ የሚተኛ የለም አሉኝ።

ሱፍያን በረመዳን መጨረሻ ወጣ። መድኃኒቱን እኔ ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፣ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል፤ እንደ ሕፃን። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣበታል፣ ግን አሁን «እማ፣ መጣብኝ» ብሎ ይነግረኛል። ቤት በገባ በማግስቱ ወደ ላይኛው ጎጆ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። «የምድጃው አመድ የቆየ ነው። አባዬ እዚያ የለም» አለኝ። አንተ ከልክለኸኝ ነበር፣ ሐኪሟም ከልክላኝ ነበር። ልጄን ግን እንደገና ሌላ ድምፅ ውስጥ ልተወው አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማን ይዞት እንደሄደ፣ ማን እንደፈረመለት፣ በሩ ሲዘጋ የሆነውን። አላለቀሰም። ሁለት ቀን አልበላም። እንደገና ሊነሣበት ነው ብዬ በሩ ላይ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጫማውን አድርጎ «ውሰጂኝ» አለኝ።

ሐሙስ ወኅኒ ቤቱ ሄድን። በመሀላችን መስታወት አለ፣ ንግግሩ በስልክ እጀታ ነው። ሱፍያን እጀታውን አነሣ። ቡዝያን ወዲያ ሆኖ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ «አባዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው የገባኸው» አለው። እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ ነበርና ሰማሁት።

ቡዝያን ሳቀ። በላይኛው ጎጆ ዘመኑ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «አንተ ልጅ» አለው፣ «ስንት ዓመት በፍየል መንገድ፣ ጎንበስ ብዬ ኖርኩ። የእህቴን ቀብር ከጫካ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት። ያን ቀን ግን አንተን ይዤ በመንደሩ መሀል፣ ከዚያም በአስፋልቱ፣ ቀና ብዬ ሄድኩ። ስምህ ማነው ሲሉኝ ስሜን ተናገርኩ። የአንድ ልጅ አባት ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ያቺ ቀን የእኔ ናት። በእኔ ምክንያት ነው እያልክ አትውሰድብኝ።»

ሱፍያን ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። አባቱም ከወዲያ በኩል እንዲሁ አደረገ። 

ስንወጣ የቡዝያንን የቆሸሸ ልብስ በፌስታል ሰጡን። ልይዘው ስል ሱፍያን ቀደመኝ። ቤት ስንደርስ ውኃ ቀድቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ አጠበው። ይኸው አሁን ይህን ስጽፍልህ እጁ እየተንቀጠቀጠ አባቱ ያን ቀን ለብሶት የሄደውን ሸሚዝ ገመዱ ላይ እያሰጣ ነው። አንዱ መቆንጠጫ ሲወድቅበት ጎንበስ ብሎ ያነሣል። እኔ አልረዳሁትም።

እህትህ ዙለይኻ